የቤት ጥንስስ ውጊያና የሚዛን ብረት፦ አንድ ነጻ የጨዋታ ሕግ ሰነድ በደብረ ብርሃን ሲፈተን

ካቻምና ክረምት፣ ጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ አንድ ጭራቅ በቆመበት ሞተ። አንድ እርምጃ አልተራመደም። ዱላውን አንዴ እንኳ አላነሳም። ሦስት ዙር ሙሉ ደንዝዞ ቆመና ወደቀ። ጭራቁን የማጫውተው እኔ ነበርኩ። ሁለት ቀን ያሰብኩበት ውጊያ የጣድነው ሻይ ሳይፈላ አለቀ።

የገደለው አንድ ወንጭፍ ነው። ወንጭፉን የሠራሁት ደግሞ ራሴ ነኝ።

ዛሬ የምገመግመው ያንን ወንጭፍ መልሰን ያቃናንበትን ሰነድ ነው። ሙሉ ስሙ ሲስተም ሪፈረንስ ዶክዩመንት 5.1 ነው። ተጫዋቾች ኤስ.አር.ዲ ይሉታል። የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም ሕጎች ዋና ዋናው ክፍል በ403 ገጽ ተሰብስቦ የተቀመጠበት ነው። በነጻ ይወርዳል። እኛ ቤት ከገባ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሽፋኑ ይልቅ የጦር መሣሪያው ገጽ ነው በእጅ ብዛት የወየበው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ በአፍ የሚጫወቱት ተረት ነው። አንዱ ጨዋታ መሪ ይሆናል፤ አገሩን፣ አውሬውን፣ ሽፍታውን እሱ ይዞ ይተርካል። ሌሎቹ አንዳንድ ጀግና ይይዛሉ። ጀግናው የሚያደርገው ነገር አጠራጣሪ ሲሆን ባለ 20 ፊት ዳይስ ይጣላል። የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። አምስተኛው እትም በ2014 መጣ። እኔ ያወቅኩት አዲስ አበባ ሶፍትዌር በሚሠራው ወንድሜ በኩል ነው። ለገና መጥቶ አንድ ምሽት አጫወተን፣ ፋይሉን ስልኬ ላይ ጭኖልኝ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ መሪዋ እኔ ነኝ።

የምንጫወተው ቅዳሜ ማታ ነው፤ ወፍጮው ቆሞ፣ ዱቄቱ ተጠርጎ፣ እጃችንን ከታጠብን በኋላ። የደብረ ብርሃን ብርድ አይቻልም፤ ከሰል ይቀጣጠላል፣ የገብስ ቆሎ ይቀርባል። አራት ተጫዋች አለኝ። አንደኛዋ ታናሽ እህቴ ናት። ሁለተኛው የታላቅ እህቴ ልጅ፣ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ሦስተኛው ግቢያችን የተከራየ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ አገሩ ሸዋሮቢት ነው። አራተኛው ጎረቤታችን ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን በደሴ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የጣርማ በርን ዋሻ ከነጉሙ ያውቁታል። ታሪኩን እዚያ ያስጀመርኩት እሳቸውን አስቤ ነው።

ከሕጉ መጽሐፍ ውጭ ራስ የሚሠሩት መሣሪያ ወይም ችሎታ በውጪዎቹ ተጫዋቾች ዘንድ ሆምብሪው ይባላል። ቤት የተጠመቀ ማለት ነው። እኛ የቤት ጥንስስ እንለዋለን። ስሙ ልክ ነው። ጠላ ጌሾው ከበዛ ይመራል፣ ካነሰ ደግሞ ቶሎ ይበላሻል። እናቴ ጌሾዋን በእጇ መዝና ታውቃለች፤ ግን እሷ ስንት ዓመት ጠምቃለች? እኔ ጀማሪ ነበርኩ።

የሸዋሮቢቱ ልጅ መጀመሪያ ቀን ኮስተር አለ። የሰነዱን የጦር መሣሪያ ሠንጠረዥ ሲያይ ወንጭፍ አገኘ። ጉዳቱ ባለ 4 ፊት ዳይስ ነው። በአማካይ 2.5 ማለት ነው። ከሠንጠረዡ ዝቅተኞቹ መሀል ነው የተቀመጠው።

«እትዬ፣ እነዚህ ሰዎች ወንጭፍ አያውቁም» አለኝ።

እሱ ያውቃል። ልጅ ሆኖ ማማ ላይ ቆሞ ማሽላ ጠብቋል። አንድ ቀን ግቢያችን ውስጥ አሳየን። የወንጭፉን አንዱን ጫፍ በጣቱ ላይ አጠለቀው። ሌላውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል ያዘው። ድንጋዩን ከመረጠ በኋላ መዳፉ ላይ ሁለት ጊዜ አገላበጠው፤ ጎኑ ያበጠ ከሆነ አቅጣጫ ይስታል አለ። ከዚያ አንዴ ብቻ አዞረና ለቀቀ። እኔ እንደ ፊልም ብዙ ጊዜ የሚዞር ነበር የመሰለኝ። ድንጋዩን አላየሁትም። አጥሩ ጥግ ያለው አሮጌ በርሜል ሲጮህ ብቻ ሰማሁ። እናቴ ከማድቤት ወጥታ ተቆጣች።

ያንን ካየሁ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። ቁጭ ብዬ «የማማ ጠባቂ ወንጭፍ» ብዬ ጻፍኩ። ጉዳቱን ወደ ባለ 8 አሳደግኩት። ከዚያም አንድ መስመር ጨመርኩ፦ የተመታ ጠላት እስከ ወንጫፊው ቀጣይ ተራ መጨረሻ ድረስ ይደነዝዛል። ጥፋቱ ያ አንድ መስመር ነው።

በሕጉ መሠረት የደነዘዘ ፍጡር ምንም ማድረግ አይችልም። በዚያ ላይ እሱን የሚመታ ሁሉ አድቫንቴጅ ያገኛል። አድቫንቴጅ ማለት ዳይሱ ሁለት ጊዜ ተጥሎ ከሁለቱ ትልቁ የሚያዝበት ነው። አሁን ጭራቁን እንየው። የመከላከያ ቁጥሩ፣ ማለትም እሱን ለመምታት ዳይሱና ጭማሪው ተደምረው ሊደርሱበት የሚገባው፣ 11 ነው፤ ጭራቁ ትልቅ ነው ግን ለመምታት ቀላል ነው። የነፍስ ነጥቡ፣ ጉዳት እየቀነሰ የሚጨርሰው፣ 59 ነው። ወንጫፊያችን የመምቻ ጭማሪው 5 ስለሆነ ከዳይሱ 6 እና ከዚያ በላይ ከወጣ ይመታል። ይህ 75 በመቶ ነው። አንዴ ከመታ ጭራቁ ይደነዝዛል። በቀጣዩ ተራ ወንጫፊው ራሱ አድቫንቴጅ አለው። 75 በመቶ የነበረው ወደ 94 ይጠጋል። ስለዚህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ እርግጠኛ ነው፤ ሦስተኛውም እንደዚያው። ወንጭፉ ራሱን በራሱ ይመግባል። አንዴ ከገባህ መውጫ የሌለው አዙሪት ነው።

በዚያ ምሽት ሌላም ጥፋት ነበረን። ያኔ ባለ 20 ዳይስ አልነበረንም። ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ብጣሽ ወረቀቶች ጣሳ ውስጥ አድርገን ዕጣ እናወጣ ነበር። የወጣው ዕጣ ተመልሶ መግባት አለበት። የእህቴ ልጅ ግን የወጣውን ሰፌዱ ላይ ሲከምር ነው የያዝነው። ሦስት ትንንሽ ቁጥሮች ወጥተው ካልተመለሱ፣ ከ20ው ወረቀት 17 ይቀራሉ፤ የሚመቱት 15ቱ ደግሞ ሁሉም እዚያው አሉ። 75 በመቶ ሳናውቀው 88 ሆነ። ዕጣ ወይም የስልክ መተግበሪያ የምትጠቀሙ ካላችሁ መሣሪያውን ከመንቀፋችሁ በፊት ዳይሱን መርምሩ። ወንድሜ በኋላ እውነተኛዎቹን ዳይሶች ላከልን። አሁን ሰፌድ ላይ ነው የምንጥላቸው፤ አይንከባለሉም፣ ድምፃቸውም ደስ ይላል።

ጭራቁ ሲወድቅ የሸዋሮቢቱ ልጅ አልጨፈረም። አቀርቅሮ ቆሎውን ያሻል። እህቴ ናት የተናገረችው። «እኛ ለምን መጣን?» አለች። በቁጣ አልነበረም። እውነቷን ነው የጠየቀችው። ትልቅ ሰይፍ ይዛ ሦስት ዙር ሙሉ የቆመ ግንድ ስትፈልጥ ነበር። ለእኔ ሚዛን የሌለው ጥንስስ ማለት ይህ ነው። ጠላት መሞቱ ችግር የለውም፤ መሞት አለበት። ችግሩ ጠረጴዛው ላይ ያለ አንድ ሰው ሌሎቹን ተመልካች ማድረጉ ነው።

በማግስቱ እሁድ ሰነዱን ከፍቼ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ ወንጭፉን ምን ያህል ልቀንስ እያልኩ ነበር። ከ8 ወደ 6? ከ6 ወደ 4? በአየር ላይ ግምት ነው። ከዚያ የወፍጮ ቤታችን አሮጌ ሚዛን ትዝ አለኝ። አባቴ ያስቀመጠው፣ ባለ ሁለት ክንድ፣ ብረቶቹ በአንድ ወገን የሚጫኑ። ገብሱን ብቻውን አንስተህ ስንት ኪሎ ነው ብትል ክንድህ ይዋሻል። ጠዋትና ማታ የተለያየ ይነግርሃል። በወዲያኛው ወገን ክብደቱ የታወቀ ብረት ሲቀመጥ ግን ደንበኛዋም አንተም አንድ ነገር ታያላችሁ።

ኤስ.አር.ዲ ለኔ የብረቶቹ ሳጥን ነው። የጻፍከውን ነገር ብቻውን አትይ። ሰነዱ ውስጥ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ነገር ፈልግና ከጎኑ አስቀምጥ። ማን ነው የሚያገኘው? በስንተኛው ደረጃ? ምን ከፍሎ?

ማደንዘዝን ፈለግኩ። በሰነዱ ውስጥ መነኩሴ የሚባለው ክላስ፣ ማለትም የጀግና ሙያ፣ ይህ ችሎታ አለው። የሚያገኘው በ5ኛ ደረጃ ነው። ለእያንዳንዱ ሙከራ ከውስጥ ኃይሉ አንድ ነጥብ ይከፍላል፤ በ5ኛ ደረጃ ያለው ደግሞ አምስት ነጥብ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ጠላቱ በጽናቱ የማምለጫ ዳይስ ይጥላል። ቀጥዬ ሆልድ ፐርሰን የሚባለውን አስማት አየሁ። እሱ 2ኛ እርከን አስማት ነው። ሰው መሰል ፍጡር ላይ ብቻ ይሠራል። የታሰረው በየተራው መጨረሻ ለማምለጥ ይሞክራል። አስማተኛው ሐሳቡን ከበተነ ይፈታል። እኔስ? በ1ኛ ደረጃ፣ በነጻ፣ ያለ ማምለጫ፣ ለማንኛውም ፍጡር፣ በየተራው ሰጥቼዋለሁ። ብረቱን ስጭንበት የኔ ወገን መሬት ነካ።

ስለዚህ አፍርሰን ሠራነው። ጉዳቱ ወደ ባለ 4 ተመለሰ። ማደንዘዙ ቀረ። በምትኩ የተመታ ጠላት እስከ ወንጫፊው ቀጣይ ተራ ድረስ ፍጥነቱ በ10 ጫማ ይቀንሳል፤ ሦስት ሜትር ገደማ ነው። ሐሳቡ ከራሱ ከሸዋሮቢቱ ልጅ ነው የመጣው። «ዝንጀሮ ማሽላ ውስጥ ሲገባ ድንጋይ አይገድለውም፤ ግን ያንገራግራል» አለ። ያ መንገራገር ትልቅ ሆኖ ተገኘ። በሚቀጥለው ውጊያ ወንጫፊው አንድ ጠላት በትክክለኛው ጊዜ አዘገየ። ጠላቱ ጎረቤታችን ጋ ሊደርስ አንድ እርምጃ ጎደለው። ሁሉም ጮኸ። እህቴ በሰይፏ ጨረሰችው። ሁለቱም የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው።

ይህን ካደረግን ከወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025፣ በ2024ቱ አዲስ ሕግ ላይ የተመሠረተው 5.2 የተባለው ሰነድ ወጣ። በእሱ ውስጥ እያንዳንዱ መሣሪያ አንድ የራሱ ብልሃት ተሰጥቶታል። የወንጭፉን መስመር ፈለግን። ጉዳቱ ባለ 4። ብልሃቱ ደግሞ ጠላትን በ10 ጫማ ማዘግየት። የሸዋሮቢቱ ልጅ ስልኬን ነጥቆ ሦስት ጊዜ አነበበው። እኔም ደስታዬን አልደብቅም። በከሰል ዙሪያ ተቀምጠን የደረስንበት ቦታ የሙያው ሰዎች ደርሰውበታል። ከብረቱ ጋር የመዘነ ሰው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል ማለት ነው።

ሁለተኛው ፈተና የእህቴ ልጅ ሾተል ነበር። ሾተል እንደ ማጭድ የጎበጠ ስለሆነ ከጋሻ ጀርባ ዞሮ ይገባል። ልጁ ይህንን ሰምቶ ኖሮ «ጋሻ አይሠራበትም ይሁን» አለ። በሕጉ ጋሻ የመከላከያ ቁጥርን በ2 ያሳድጋል። ሾተሉ ያንን 2 ይሰርዝ አልን። ጉዳቱን እንደ ረጅም ሰይፍ ባለ 8 አደረግነው። እዚህ ላይ ጥንስሳችን በጸጥታ ተበላሸ። ምንም የሚያስጮህ ነገር አልነበረም። ነገር ግን ከሾተል ጋር ረጅም ሰይፍ የሚመርጥ ማን ነው? ጋሻ ያለው ላይ ሾተል ይበልጣል፣ ጋሻ የሌለው ላይ እኩል ነው። ረጅሙ ሰይፍ ከሠንጠረዡ ሞተ ማለት ነው።

ወደ ባለ 6 አወረድነውና አሰላነው። የሰነዱን ኖል ወሰድኩ፤ የጅብ ራስ ያለው ሰው ነው፤ እኛ ጅበ ሰው እንለዋለን። ጋሻ ይዞ መከላከያው 15 ነው። ልጁ የመምቻ ጭማሪው 5፣ የጉዳት ጭማሪው 3 ነው። በረጅም ሰይፍ በአማካይ 7.5 ጉዳት በ55 በመቶ ዕድል፤ በየምቱ 4.1 ይደርሳል። በሾተል 6.5 ጉዳት፣ ጋሻው ስለማይቆጠር በ65 በመቶ ዕድል፤ 4.2 ይደርሳል። ለጥቂት ይበልጣል። ከዚያ ጋሻ የሌለው አጽም መጣ፤ መከላከያው 13። ረጅም ሰይፍ 4.9፣ ሾተል 4.2። አሁን ምርጫ ሆነ። የሚገጥመውን የሚያውቅ ሰው ያተርፋል፣ የማያውቅ ይከስራል። ልጁ ሁለቱንም ይዞ መዞር ጀመረ። ከውጊያ በፊት አለት ላይ ወጥቶ «ጋሻ አላቸው?» ብሎ መሰለል ለመደ። አንድ ቁጥር ቀንሰን የልጁን አጨዋወት ቀየርን። ከሠራናቸው ሁሉ የምወደው ይሄን ነው።

የእህቴ ጥያቄ ግን ለሳምንታት እንቅልፍ ነሳኝ። በትልቁ ሰይፏ «ሙሉ ኃይሌን ልጣል» አለች። ለመምታት 5 ይቀነስባት፣ ከመታች 10 ጉዳት ይጨመርላት። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ2014ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ውስጥ የታወቀ አማራጭ ነበር፣ በ2024 ተቀይሯል። በነጻው ሰነድ ውስጥ ግን የለም። ስለዚህ ራሳችን መመዘን ነበረብን።

ትልቁ ሰይፍ ሁለት ባለ 6 ዳይስ ይጥላል፤ ከጭማሪዋ ጋር አማካዩ 10 ነው። መከላከያው 11 የሆነ ጭራቅ ላይ በደህናው 7.5፣ በሙሉ ኃይል 10 ታገኛለች። መከላከያው 18 የሆነ ባለ ጥሩር ላይ በደህናው 4፣ በሙሉ ኃይል 3። 16 ላይ እኩል ናቸው። ጥሩ ነው፤ ሰው ማሰብ አለበት። ታዲያ እኔ ፈራሁ። 10 ጉዳት ብዙ መሰለኝና አለዘብኩት፦ 2 ይቀነስ፣ 4 ይጨመር።

ልብ በሉ፣ ማለዘቤ ነው ያበላሸው። 11 ላይ በሙሉ ኃይል 9.1፣ በደህናው 7.5። 15 ላይ 6.3 እና 5.5። 18 ላይ እንኳ 4.2 እና 4። እኛ በምንገኝበት ደረጃ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይሻላል። ሁልጊዜ የሚሻል ነገር ደግሞ ምርጫ መሆኑ ይቀራል። እህቴ በየተራው «ሙሉ ኃይል» እያለች ማሰብ አቆመች። ትልቁ ቁጥር የሚያስፈራ ቢመስልም ኪሳራው ትልቅ ስለነበር ራሱን ያስተካክል ነበር።

ወደ 5 እና 10 መለስነው፣ ግን በሁለት ገደብ። በአንድ ተራ አንዴ ብቻ፤ ምክንያቱም ተዋጊ በ5ኛ ደረጃ በአንድ ድርጊት ሁለት ጊዜ መምታት ይጀምራል። አድቫንቴጅ ካላት ደግሞ አይሠራም። ይህ ሁለተኛው ያስፈልጋል። ጭራቁ ላይ አድቫንቴጅ ካላት 50 በመቶው 75 ይሆንና ጉዳቷ 15 ይደርሳል፤ በደህናው ግን 9.4 ገደማ ነው። ያኔ የጓደኞቿ ሁሉ ሥራ ለእሷ አድቫንቴጅ ማመቻቸት ብቻ ይሆናል። አንድ ችሎታ ብቻውን ተመዝኖ ልክ ይሆናል፣ ከጎረቤቱ ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ወፍጮ ቤት ባቄላና ገብስ ለየብቻ ጥሩ ዱቄት ይወጣቸዋል፤ እርጥቡን ከደረቁ ደባልቀህ ብትጨምር ግን ድንጋዩ ይያዛል።

ጅራፉን ባጭሩ ልለፈው። በቡሄ ሰሞን የሰፈሩ ልጆች ሲያጮሁ ሰምተን «ጩኸቱ ያስፈራ» አልን። መጀመሪያ በተጨማሪ ድርጊት እንዲሆን አድርገን ነበር፤ ማለትም መምቻውን ሳይነካ በላይ ላይ የሚመጣ። በየተራው ነጻ ማስፈራሪያ ሆነ። ዋና ድርጊቱን እንዲበላ ስናደርገው ተስተካከለ፤ ወይ ትመታለህ ወይ ታስፈራለህ። ጉዳት ላይ ቁጥር ከመቁጠር በፊት ችሎታው ከተራው ውስጥ የትኛውን ክፍል እንደሚበላ ጠይቁ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሰነዱ ጉድለት ልምጣ። ወዳጄ ስለሆነ ብቻ አልሸፍንለትም።

መጀመሪያ፣ ብረቶቹ ሁሉም ሳጥኑ ውስጥ የሉም። አሥራ ሁለቱ ክላሶች አሉ፣ ግን እያንዳንዱ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው ያለው። ልዩ ችሎታዎች ከሚባሉት በምሳሌነት የተቀመጠው አንድ ብቻ ነው፤ ትግል ላይ የሚያተኩር። ስለዚህ እንደ እህቴ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ከጎኑ የምታስቀምጠው ነገር ታጣለህ። ሁለተኛ፣ ሰነዱ ምን እንደሆነ ይነግርሃል፣ ለምን እንደሆነ አይነግርህም። ወንጭፍ ለምን 4 ሆነ? ዝም። ምክንያቱን ከቁጥሮቹ ራስህ ማውጣት አለብህ። እኔ ቁጥር ስለምወድ አልከበደኝም፤ ለእህቴ ልጅ ግን ከባድ ነው። ሦስተኛ፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ በሁለት ዓምድ የተጻፈ ነው፣ ስዕል የለውም። በስልክ ማንበብ ዓይን ያደክማል። ርቀቱ ሁሉ በጫማ ነው። እኛ አንዱን አምስት ጫማ ካሬ አንድ ትልቅ እርምጃ ብለን ተገላገልን።

ለማተም ካሰባችሁ ደግሞ 403ቱን አታሳትሙ። እኔ ውጊያውን፣ መሣሪያዎቹን፣ የደረስንባቸውን ክላሶችና ጥቂት አውሬዎችን መርጬ ስልሳ ገጽ ገደማ አሳተምኩ። ከተማ ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት ሰጥቼ የቀኝ ዓምዱ ጠርዝ ተቆርጦ መጣ፤ የጉዳቱ ዓምድ የሌለበት የጦር መሣሪያ ሠንጠረዥ! በእጄ ጻፍኩበት። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ገጽ አስወጥታችሁ እዩ።

ጥሩ ጎኑ ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጥብኛል። አሳታሚው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ሰነዱን በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቆታል። ምንጩን እስከጠቀስክ ድረስ መቅዳት፣ መለወጥ፣ መተርጎም፣ መሸጥ እንኳ ትችላለህ። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የውጊያውን ምዕራፍ በአማርኛ መጻፍ ጀምሬያለሁ። «አርሞር ክላስ» የመከላከያ ቁጥር ሆነ፣ «ሪአክሽን»፣ ማለትም ከራስ ተራ ውጭ የሚሰጠው ምላሽ፣ አጸፋ ሆነ፣ «ሂት ፖይንት» የነፍስ ነጥብ። «አድቫንቴጅ» ብቻ እምቢ ብሎኛል፤ ብልጫ ብለው ጠረጴዛው ላይ ማንም አልተቀበለኝም። ሰነዱ ውስጥ ያለው ዝንጀሮ የመንዝ ጭላዳ ሆነልን፤ ቁጥሩን አልነካነውም፣ ጠጉሩን ብቻ ለወጥነው። አዲስ ጠላት ለሚፈልግ ጀማሪ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። ቁጥሩን ተወው፣ ቆዳውን ቀይር። ውጊያው እንደማይበላሽ እርግጠኛ ነህ።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። የጎደለችው አንዷ ለዚያ «ለምን» ናት። ለመጫወት ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ 5.2ን አውርዱ፤ አዲስ ነው፣ የመሣሪያዎቹም ብልሃት ውጊያውን ያሳምረዋል። ለመጠንሰስ የምትፈልጉ ግን ሁለቱንም ያዙ። አንድ መሣሪያ በድሮው ምን እንደነበረና በአዲሱ ምን እንደሆነ ጎን ለጎን ስታዩ፣ ሠሪዎቹ የት ላይ ሐሳባቸውን እንደቀየሩ ይገባችኋል።

አሁን በእጃችን ያለው የጎረቤታችን ጋሻ ነው። ሳምንት ሙሉ ሲያስቡበት ሰንብተው መጡ። «ጋሻ ለራስ ብቻ አይደለም፤ አጠገብህ ላለውም ነው» አሉኝ። ከጎናቸው የቆመ ሰው ሲመታ ጋሻቸውን አሻግረው ምቱን ሙሉ በሙሉ ሊያስቀሩ ይፈልጋሉ። ብረቱን ፈለግኩላቸው። ሰነዱ ውስጥ ተዋጊ የሚመርጠው የጥበቃ ስልት አለ። ጋሻ የያዘ ሰው አጸፋውን ከፍሎ በአጠገቡ ያለን ሰው የሚመታውን ጠላት ዳይሱን ሁለቴ ጥሎ ትንሹን እንዲይዝ ያስገድደዋል። 55 በመቶ የነበረው ምት ወደ 30 ይወርዳል። ብዙ ነው፤ ግን ማስቀረት አይደለም።

ይህን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ረጅም ጊዜ አዩት። «ታዲያ ጋሻው ይሰበርብኝ» አሉ። ምቱን ሙሉ በሙሉ ያስቀሩ፣ ጋሻው ግን እዚያው ይፈንዳ፣ ሌላ እስኪገዙ ያለ ጋሻ ይዋጉ ማለታቸው ነው። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ዋጋው ከባድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ውጊያው እስኪያልቅ መከላከያቸው በ2 ይቀንሳል። በሌላ በኩል ጋሻ በሰነዱ ዋጋ 10 ወርቅ ብቻ ስለሆነ፣ አህያ ላይ አምስት ጋሻ ጭነው ቢመጡስ? የእህቴ ልጅ ወዲያው ይህንን ነው የጠየቀው። እሳቸውም ሳቁ፣ አህያዋንም አስበዋት ነበር መሰለኝ።

ጋሻ መቀየር አንድ ሙሉ ድርጊት እንደሚበላ ሕጉ ላይ ተጽፏል፤ ስለዚህ አህያዋ ብዙ አታስፈራኝም። በሦስት ምሽት እንሞክረዋለን ብለን ተስማምተናል። አንደኛው አልፏል፤ አንድ ጋሻ ተሰብሯል፣ የሸዋሮቢቱ ልጅ ነፍሱ ተርፏል። ቅዳሜ ሁለተኛው ነው።